በማይጻፍበት ሶርስ ኮድ ኔትቢኤስዲን ቢልድ ማድረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኔትቢኤስዲ ዩኒክስ መሰል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ቢልድ ማድረግ ማለት ሶርስ ኮዱን (የፕሮግራሞቹን ጽሑፍ) ኮምፓይል አድርጎ የሚሠራ ሲስተም ማውጣት ነው፤ ሪድ ኦንሊ ማለት ደግሞ የሚነበብ ግን የማይጻፍበት ማለት ነው።

«ሶርሱ ሪድ ኦንሊ ከሆነ ቢልድ አይሆንም።»

ይሆናል። ቢልድ ዶት ኤስኤች የሚባለው ስክሪፕት ውጤቱን ሌላ ቦታ እንዲያስቀምጥ ሆኖ ነው የተሠራው። ቦታዎቹን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ትነግሩታላችሁ፦ በኦ የኦብጀክት ፋይሎችን (የኮምፓይል መካከለኛ ውጤቶችን)፣ በቲ ኮምፓይለሩንና አጋዦቹን፣ በዲ የሚጫነውን ሲስተም፣ በአር ያለቀለትን ሪሊዝ (ለስርጭት የተዘጋጀውን)። የኦን ቦታ ብቻ ብትሰጡት ሌሎቹን እዚያው ውስጥ ይፈጥራል። የኦን ቦታ ከረሳችሁ ግን ሶርሱ ውስጥ ፎልደር ሊከፍት ሞክሮ ሊቆም ይችላል።

«ቸሞድ (የፋይል ፈቃድ የሚቀይረው ትእዛዝ) አድርጌ መጻፍ ከከለከልኩ በቂ ነው።»

ለተራ ተጠቃሚ አዎ። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ግን ፈቃዱን አልፎ ይጽፋል፤ እሱን የሚያቆመው ሪድ ኦንሊ ማውንት (ሶርሱን እንዳይጻፍበት አድርጎ ከሲስተሙ ጋር ማያያዝ) ነው።

«ሪሊዝ ለማውጣት ሩት መሆን ግድ ነው።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቢልድ ዶት ኤስኤች ትእዛዝ ላይ ትልቁን ዩ ስትጨምሩ ፋይሎቹ በዲስኩ ላይ በእናንተ ስም ይቀመጣሉ፤ ትክክለኛው ባለቤትና ፈቃድ ደግሞ በዲ ፎልደር ውስጥ ባለው ሜታሎግ በሚባል ፋይል ላይ ይመዘገባል። ለምሳሌ «ሱ» ስለሚባለው ትእዛዝ (ወደ ሌላ ተጠቃሚ መቀየሪያው) የተጻፈው መስመር ባለቤቱ ሩት፣ ግሩፑ ዊል፣ ፈቃዱ 4555 (ማንም ቢያስነሳው በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ) እንደሆነ ይናገራል። የሪሊዙ ታር ፋይሎች (ብዙ ፋይሎችን የያዙ ጥቅሎች) የሚዘጋጁት ይህን መዝገብ እያነበቡ ነው። ስለዚህ ፎልደሩን በእጃችሁ በሲፒ (በተራው የመገልበጫ ትእዛዝ) ገልብጣችሁ ብታስነሱት፣ ሱ የሩት ሥልጣኑን ስለሚያጣ አይሠራም። ሜታሎግን ብቻ ሰርዞ ቢልዱን መቀጠልም እንዲሁ ያበላሻል፤ ዳግም ያልተጫኑ ፋይሎች ከመዝገቡ ይቀራሉና።

«ሶርሱ ከተቆለፈ ንጹሕ ነው።»

ከመቆለፉ በፊት የገባው ቆሻሻም አብሮ ተቆልፏል። ቀድሞ ሶርሱ ውስጥ ኮምፓይል ተደርጎ የቀረ የኦብጀክት ፋይል ካለ፣ ሜክ (ምን እንደገና መሠራት እንዳለበት የሚወስነው ፕሮግራም) በኦብጀክት ፎልደሩ ሲያጣው ሶርሱ ውስጥ ያገኘዋል፤ አዲስ ነው ብሎ ካመነ እንደገና አይሠራውም። ማውንት ከማድረጋችሁ በፊት በዶት ኦ የሚያልቁትን በፋይንድ ትእዛዝ ፈልጋችሁ አጥፉ።

«ትንሿ ዩ ሁሌም ጊዜ ትቆጥባለች።»

(ትንሿ ዩ ከትልቁ ዩ ጋር አትዛመድም፤ ሥራዋ የድሮውን ውጤት ሳያጸዱ መቀጠል ነው።) ሶርሱ ሲታደስ የተሰረዘ ፋይል በዲ ፎልደር ውስጥ ከቀረ፣ ዝርዝሩን የሚያመሳክረው ፍተሻ መጨረሻ ላይ «ኤክስትራ ፋይልስ» ብሎ ቢልዱን ይጥለዋል። ትርፎቹን በስማቸው አጥፉ፤ ከበዙ በትንሿ አር የዲንና የቲን ፎልደሮች አጽድታችሁ ጀምሩ።

«የራሴን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ለመሥራት ሶርሱን መክፈት አለብኝ።»

አያስፈልግም። ኮንፊግ ፋይሉን የትም አስቀምጡና ከርነል በሚለው ትእዛዝ ላይ ሙሉ አድራሻውን ስጡት።