የመጨረሻዋ ፊደል፦ ስለ ኢንቱይሽን፣ ቲንኪንግና 16ቱ የስብዕና ዓይነቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የስብዕና መጠይቅ የሞላ ሁሉ አራት ፊደል ይዞ ይመጣል። «አሁን አይኤንቲጄ ወጣልኝ፣ አምና አይኤንቲፒ ነበርኩ፣ ያው አንድ ፊደል ናት» ይላል። ያው አይደለም። ሌሎቹን የምታገለባብጠው ያቺ አንድ የመጨረሻ ፊደል (ጄ ወይም ፒ) ናት፤ ሥራዋን ሳያውቁ ስለ ኢንቱይሽንና ስለ ቲንኪንግ መከራከር ከንቱ ድካም ነው። እሷ ጋ ከመድረሳችን በፊት ቀለል ቀለል የሚሉትን እንጨርስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«መጠይቁን ያዘጋጀው ካርል ዩንግ ነው»

አላዘጋጀም። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም በ1921 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ሁለት አቅጣጫዎች አሉ፤ ወደ ውስጥ የዞረ (ኢንትሮቨርት፣ «አይ») እና ወደ ውጭ የዞረ (ኤክስትሮቨርት፣ «ኢ»)። አራት ተግባራትም አሉ፤ ሁለቱ መረጃ ይቀበላሉ (ሴንሲንግ «ኤስ» እና ኢንቱይሽን «ኤን»)፣ ሁለቱ ይፈርዳሉ (ቲንኪንግ «ቲ» እና ፊሊንግ «ኤፍ»)። ማየርስ-ብሪግስ (ኤምቢቲአይ) የሚባለውን መጠይቅ በ1940ዎቹ የጀመሩት አሜሪካውያኑ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ ናቸው፤ ሁለቱም በሥነ ልቦና ትምህርት የሠለጠኑ አልነበሩም። አራተኛዋን ፊደል የጨመሩትም እነሱ ናቸው።

«ኢንቱይሽን ማለት ልቤ ነገረኝ ማለት ነው»

ትንቢት አይደለም፣ ሕልም መፍታትም አይደለም። ሴንሲንግ የሚታየውን፣ የሚሰማውን፣ የሚቆጠረውን ይይዛል። ኢንቱይሽን ደግሞ በነገሮች መካከል ያለውን ዝምድናና ወዴት ሊያመሩ እንደሚችሉ ይይዛል። ትኩረታችሁ ወዴት እንደሚሄድ ይነግራችኋል እንጂ ያያችሁት ትክክል ስለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም። ኢንቱይሽኑ የበረታ ሰው በሙሉ ልብ ሲሳሳት ማየት የተለመደ ነው።

«ቲንኪንግ የጎበዝ ነው፣ ፊሊንግ የአልቃሻ»

እኛ ዘንድ ይህ ስህተት ከትምህርት ቤት የተወረሰ ተጨማሪ ሥር አለው፤ ናቹራል የገባው ቲንኪንግ፣ ሶሻል የገባው ፊሊንግ ይመስለናል። ዩንግ ሁለቱንም ምክንያታዊ ብሎ ነው የመደባቸው፤ ሁለቱም ፍርድ ናቸውና። ቲንኪንግ «ይህ ከዚያ ይከተላል ወይ? ይሠራል ወይ?» ይላል። ፊሊንግ «ይህ ምን ዋጋ አለው? ማንን ይነካል?» ይላል። እንባ የሚቀድመው ቲንኪንግ አለ፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ እጁ የማይንቀጠቀጥ ፊሊንግም አለ። በ1998 በታተመው የመጠይቁ መመሪያ፣ በአሜሪካ ናሙና ውስጥ ከሴቶቹ ሦስት አራተኛ ገደማ ፊሊንግ፣ ከወንዶቹ ደግሞ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ቲንኪንግ ሆነው ወጥተዋል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ተፈጥሮ፣ ምን ያህሉ «ሴት ልጅ እንዲህ ናት» የሚል አስተዳደግ እንደሆነ ከቁጥሩ ብቻ አይለይም። ስለዚህ ስትሞሉ የሚጠበቅባችሁን ሳይሆን በእርግጥ የምትወስኑበትን መንገድ አስቡ።

«ኢንትሮቨርት ዓይን አፋር ነው።» ዓይን አፋርነት ፍርሃት ነው፤ ኢንትሮቨርት መሆን ትኩረት ወደ ውስጥ መዞሩ ነው። መድረክ ላይ የሚያስቅ ኢንትሮቨርት ሞልቷል።

«ኢንቱይሽን ብርቅ ስለሆነ ይበልጣል።» በዚያው ናሙና ከሩብ ትንሽ የሚበልጡት ሰዎች ኢንቱይሽን ሆነው ወጥተዋል። ሩብ ሕዝብ ብርቅ ከተባለ ግራኝ ሰው ቅዱስ ሊባል ነው።

«ጄ ሥርዓት ያለው፣ ፒ ዝርክርክ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው»

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያልቀው። የመጨረሻዋ ፊደል ስለ ጠረጴዛችሁ ንጽሕና የምትናገር አይደለችም። ከተግባሮቻችሁ ውስጥ የትኛው ወደ ውጭ እንደዞረ የምትጠቁም ምልክት ናት። አነባበቡ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የመጨረሻዋን ፊደል እዩ። ጄ ከሆነች ወደ ውጭ የዞረችው ሦስተኛዋ ፊደል (ቲ ወይም ኤፍ) ናት። ፒ ከሆነች ሁለተኛዋ (ኤን ወይም ኤስ) ናት። ከመካከለኞቹ ሁለቱ የቀረችው ወደ ውስጥ ትዞራለች። ከዚያ የመጀመሪያዋን ፊደል እዩ። ኢ ከሆነች ወደ ውጭ የዞረው ተግባር መሪ ነው፤ አይ ከሆነች ወደ ውስጥ የዞረው ይመራል፣ ሌላው ይረዳል። ሦስተኛው እርከን ላይ የረዳቱ ተቃራኒ፣ አራተኛውና ደካማው ላይ የመሪው ተቃራኒ ይቀመጣል (የቲንኪንግ ተቃራኒ ፊሊንግ፣ የሴንሲንግ ተቃራኒ ኢንቱይሽን ነው፤ አቅጣጫውም አብሮ ይገለበጣል)።

በዚህ አይኤንቲጄን ፍቱት። ጄ ስላለች ቲንኪንግ ወደ ውጭ፣ ኢንቱይሽን ወደ ውስጥ። አይ ስላለች መሪው ውስጣዊ ኢንቱይሽን፣ ረዳቱ ውጫዊ ቲንኪንግ። አይኤንቲፒን ፍቱት። ፒ ስላለች ኢንቱይሽን ወደ ውጭ፣ ቲንኪንግ ወደ ውስጥ። መሪው ውስጣዊ ቲንኪንግ፣ ረዳቱ ውጫዊ ኢንቱይሽን። መሪው ተለወጠ፣ የሁለቱም አቅጣጫ ተለወጠ። በአቅጣጫ ከተቆጠረ ሁለቱ አንድም የጋራ ተግባር የላቸውም። እንዲያውም አይኤንቲጄ ከአይኤንቲፒ ይልቅ ለአይኤስቲጄ ይቀርባል፤ ውጫዊ ቲንኪንግና ውስጣዊ ፊሊንግ ይጋራሉና። «ያው አንድ ፊደል ናት» ያሉት እንግዲህ ይህንን ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር ይከተላል። በጄ የሚያበቃ ኢንትሮቨርት መሪው የሚቀበል ተግባር ነው። በውጭ የሚታየው ቆራጥነት የረዳቱ ነው፤ ውስጡ ሥዕሉ እስኪጠራለት ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። በፒ የሚያበቃ ኢንትሮቨርት ደግሞ በውጭ ሲታይ የሚወላውል ይመስላል፣ ውስጡ ግን መሪው ፍርድ ነው፤ መርሁን ንኩበትና አለት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ልዩነቱን በሥራ ላይ እንየው። የአንድ ሱቅ ገበያ ቀንሷል፤ ባለቤቶቹ ተቀምጠው ይመክራሉ። አይኤንቲጄው ለረጅም ጊዜ ዝም ይልና «ዞሮ ዞሮ ሰፈሩ ወደ ቢሮ እየተለወጠ ነው፣ የቤት አስቤዛ የሚገዛ ሰው አይኖርም» ይላል። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ቢጠየቅ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ያቅተዋል። ነገር ግን ወዲያው ወረቀት ይስባል፤ የትኛው ዕቃ ይቁም፣ በምን ይተካ፣ በስንት ብር፣ ማን ይሥራው፣ እስከ መቼ። አይኤንቲፒው ደግሞ «ቆይ፣ ቀነሰ ስትሉ የሽያጩ ብዛት ነው ወይስ ትርፉ?» ብሎ ይጀምራል። ሁለቱ ሳይለዩ አንድ እርምጃ አይሄድም። ከተለዩለት በኋላ «ወይ ዋጋው ነው፣ ወይ የምንከፍትበት ሰዓት ነው፣ ወይም ደግሞ…» እያለ አምስት በር ይከፍታል፤ አንዱንም ሳይዘጋ ስብሰባው ያልቃል። ሁለቱም ዝምተኞች፣ ሁለቱም ሐሳብ ወዳዶች ናቸው፤ መጠይቅ የሚያደባልቃቸው ለዚህ ነው። «ዞሮ ዞሮ» የሚለውንና «ወይም ደግሞ» የሚለውን ሰው ግን አጠገቡ የተቀመጠ ይለየዋል።

መጠይቁ እዚህ ላይ የሚስትበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስለ ተግባራት አቅጣጫ በቀጥታ አይጠይቃችሁም። ስለ ዕቅድ፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ፕሮግራም ይጠይቅና አቅጣጫውን ከዚያ ይገምታል። ባንክ ቤት ሰዓት ጠብቆ ሒሳብ የሚዘጋ፣ ወይም ጥብቅ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው የዕቅድ ጥያቄዎቹን ሁሉ በጄ ይሞላል፤ የሥራውን ጠባይ ነው የሞላው። በጄና በፒ መካከል ያለው ውጤታችሁ ወደ መሃል ከተጠጋ አንድ ሁለት መልስ ፊደሏን ይገለብጣታል፣ ፊደሏም ሌላውን ሁሉ ይዛ ትገለበጣለች። ቋንቋም አለበት። «ፓርቲ ላይ ከማታውቀው ሰው ጋር ታወራለህ?» የሚለውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ያነበበ፣ ዕድሜውን ለቅሶና ሠርግ እንጂ ፓርቲ ያልሄደ ሰው ምን ብሎ ይመልስ?

ስለዚህ መጠይቁን መነሻ አድርጉትና በወረቀት አጣሩት። ባለፈው አንድ ዓመት ማንም ሳያስገድዳችሁ የወሰናችኋቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ፤ ሥራ መልቀቅ፣ ውድ ዕቃ መግዛት፣ ቤት መቀየር። ለእያንዳንዱ አራት ነገር መልሱ።

መጀመሪያ የመጣው ምንድን ነው? አንድ የረጋ መጨረሻ ከሆነ ውስጣዊ ኢንቱይሽን፣ የሚባዛ አማራጭ ከሆነ ውጫዊ ኢንቱይሽን፣ «ከዚህ በፊት እንዴት ነበር የተሠራው?» ከሆነ ደግሞ ውስጣዊ ሴንሲንግ ነው። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉት፤ አይኤንቲጄ ነኝ የሚል ሰው እዚህ ላይ ሲፈተሽ አይኤስቲጄ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ይህም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሁለተኛ፣ ለሌላ ሰው ስታስረዱ በምን ተሟገታችሁ? በዋጋ፣ በጊዜና በውጤት ከሆነ ውጫዊ ቲንኪንግ ነው። ሐሳቡ እርስ በርሱ ባለመጋጨቱ ከሆነ ውስጣዊ ቲንኪንግ።

ሦስተኛ፣ የቱ ጋ ቆማችሁ? ውስጣዊ ቲንኪንግ ትርጉሙ ያልጠራ ነገር ላይ ይቆማል፤ ውጫዊ ቲንኪንግ የማይለካ ነገር ላይ ይቆማል።

አራተኛ፣ ስትደክሙ ምን ሆናችሁ? ደካማው ተግባር በድካም ጊዜ ነው የሚወጣው። አይኤንቲጄ ሲዝል ወደ ውጫዊ ሴንሲንግ ይወድቃል፤ ያለ ልክ ይበላል፣ ያለ ልክ ይገዛል፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ ያነጋዋል። አይኤንቲፒ ወደ ውጫዊ ፊሊንግ ይወድቃል፤ «ማንም አይወደኝም» ብሎ ያልተጠበቀ ኩርፊያ ወይም ቁጣ ያፈነዳል። ኢኤንቲፒ ከሆናችሁ ተጣብቃችሁ የምትቀሩት የሰውነት ሕመም ወይም ጥቃቅን ዝርዝር ላይ ነው (ውስጣዊ ሴንሲንግ)፤ ኢኤንቲጄ ከሆናችሁ ደግሞ ለማንም የማታወሩት ሆደ ባሻነት ውስጥ (ውስጣዊ ፊሊንግ)።

ወረቀቱን ሞልታችሁ ሳትጨርሱ የዓይነቶቹን መግለጫ አታንብቡ። መግለጫዎቹ የተጻፉት ለማስደሰት ነው፤ ሁሉም ለሁሉም ይገጥማል። በ1948 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና መምህር በርትራም ፎረር ለተማሪዎቹ የየግላቸው የስብዕና ትንተና ነው ብሎ ጽሑፍ አደላቸው፤ እነሱም ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነበር። ከመግለጫው ይልቅ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ፣ አራተኛውን ጥያቄ በተለይ።

«ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሞላሁት ዋናው መጠይቅ ነው»

16ፐርሰናሊቲስ የሚባለውን ከሆነ አይደለም። አምስተኛ ፊደል መጨመሩ ብቻ ሊያስጠረጥራችሁ ይገባ ነበር። የሚለካው በባሕርይ መጠን ነው፤ የዩንግን ተግባራት እንደማይጠቀም አዘጋጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከሱ ያገኛችኋትን ጄ ይዞ ከላይ ባለው ቀመር ተግባር መፍታት ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ማጋባት ነው።

«በሳይንስ የተረጋገጠ ነው»

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ንድፈ ሐሳቡ በራሱ ቋንቋ እንዴት እንደሚነበብ ነው። በጥናት ሲፈተሽ ሌላ ነው። ተመራማሪው ፒተንገር በ1993 ባሳተመው ግምገማ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ መጠይቁን እንደገና ከሞሉት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ቢያንስ አንድ ፊደል እንደሚቀየርባቸው አመልክቷል። ውጤቱ ሁለት ጎራ ሆኖ አይለይም፤ አብዛኛው ሰው መሃል ላይ ነው የሚከማቸው። ማክሬና ኮስታ በ1989 እንዳሳዩት አራቱ መለኪያዎች ከአምስቱ ታላላቅ የባሕርይ መለኪያዎች ከአራቱ ጋር ይዛመዳሉ፤ አምስተኛው፣ ማለትም ለጭንቀትና ለስሜት መናወጥ መጋለጥ፣ ጭራሽ የለም። የተግባራቱን ቅደም ተከተል ደግሞ ሬይነርስ በ2009 መርምሮ ማስረጃ አይደግፈውም ብሏል። ስለዚህ ራስን ለመታዘብ የሚያገለግሉ ጥሩ ጥያቄዎች አሉት፤ የደም ምርመራ ግን አይደለም። እጮኛ መምረጫ ያደረጉትን ሰዎች ምን እንደምላቸው አላውቅም።

«ለቅጥር ይጠቅማል»

አይጠቅምም፤ ይህን ደግሞ የመጠይቁ ባለቤቶች ራሳቸው በሥነ ምግባር መመሪያቸው ከልክለዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፊደሎቹ የሚናገሩት ስለ ዝንባሌ እንጂ ስለ ችሎታ አይደለም፣ አመልካቹም ሥራ ስለሚፈልግ ይጠቅመኛል ያለውን ይሞላል። ሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅት የአንድ ወር የባንክ መግለጫና የገንዘብ መዝገብ ሰጥቶ አስታርቅ ይበለው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአራቱ ፊደላት የማያገኘውን ያገኛል።