ዳኛ ሕግ እንዳይተረጉም የተከለከለበት ዘመን

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ብዙ አሳቢዎች «ዳኛ ሕግ መተርጎም የለበትም» ይሉ ነበር። ግራ ያጋባል። ሳይተረጉም እንዴት ሊፈርድ ነው?

የነገሩ ምንጭ ጥርጣሬ ነው። ያኔ የፈረንሳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ወንበራቸውን በገንዘብ ይገዙ፣ ለልጅም ያወርሱ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው «የሕጉ መንፈስ ይህ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ጣሊያናዊው ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ባወጣው መጽሐፉ ነገሩን ሳያለሳልስ አስቀመጠው፦ መንፈሱን እንፈልግ ካልን፣ ፍርዱ የዳኛው ሆድ ምግቡን በደንብ በመፍጨቱና ባለመፍጨቱ ሊወሰን ነው። ስለዚህ በወንጀል ጉዳይ ዳኛው ድርጊቱ ከሕጉ ቃል ጋር መግጠም አለመግጠሙን ብቻ ይይ።

በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በነሐሴ 1790፣ ይህ ሐሳብ በአገሪቱ ሕግ ሆነ። ፍርድ ቤቶች መተርጎም ያስፈልጋል ባሉ ቁጥር ሕግ አውጪውን እንዲጠይቁ ታዘዙ። አሠራሩ «ሬፌሬ ሌዢስላቲፍ» ይባላል። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን አስቡት፦ በአንድ የውርስ ክርክር አንዲት ቃል ሁለት ትርጉም ብትሰጥ፣ ዳኛው መዝገቡን አስቀምጦ ፓሪስ ይጽፋል። ባለጉዳዩም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የጀርመኖች መንግሥት የነበረችው ፕሩሲያም በ1794 ከ19,000 በላይ አንቀጽ ያለው ሕግ አውጥታ፣ ስለ ትርጉሙ የተጠራጠረ ዳኛ የሕግ ኮሚሽኑን ይጠይቅ ብላ ነበር። ያ ሁሉ አንቀጽ አልበቃም ማለት ነው!

በ1804ቱ የናፖሊዮን ፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩ ተገለበጠ። በአንቀጽ 4 መሠረት፣ ሕጉ ዝም ብሏል ወይም ግልጽ አይደለም ብሎ አልፈርድም ያለ ዳኛ ፍትሕ በመንፈግ ሊከሰስ ይችላል። አንቀጽ 5 ግን ልጓሙን አልፈታም፦ ዳኛው በያዘው ጉዳይ ይፍረድ እንጂ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ አያውጣ።