የስፕሪንት መኪኖች የብርድ ወራት በማዕከላዊ ፔንሲልቬንያ

ማዕከላዊ ፔንሲልቬንያ ውስጥ አርብ ማታ የሥራ ተራ የደረሰበት ሰው ያሳዝናል። ዊሊያምስ ግሮቭ ላይ ውድድር አለ። ቅዳሜ ደግሞ ሊንከን አለ፤ ካልሆነም ፖርት ሮያል። ይህ እንግዲህ ከማርች እስከ ኦክቶበር ነው። ከዚያ ብርዱ ይገባና ትራኮቹ በራቸውን ይዘጋሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉም ያረፈ ይመስላል። የሚቀጥለው ዓመት ግማሽ ነገር የሚወሰነው ግን በእነዚሁ ወራት ነው። ማን የማንን መኪና ይነዳል? የትኛው ምሽት ከየትኛው ጋር ይጋጫል? ማን ሞተሩን አሳድሶ ይመለሳል? ማንስ መኪናውን ለሽያጭ ያወጣል?

ስፕሪንት መኪና አይቶ ለማያውቅ ሰው ስለ ራሷ ስለ መኪናዋ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። አካሏ ከቱቦ ተበይዶ የተሠራ ነው። ጎማዎቿ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው። ከላይ 2.3 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ክንፍ፣ ከፊት ደግሞ ሌላ ትንሽ ክንፍ አላት። ክንፎቹ መኪናዋን ወደ መሬት ይጫኗታል፤ አለበለዚያ በዚያ ፍጥነት አፈር ላይ መታጠፍ አይታሰብም። ሞተሩ 410 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.7 ሊትር የሆነ ቪ8 ነው፤ 900 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያወጣል። መኪናዋ ከነሹፌሩ 640 ኪሎ አካባቢ ብትመዝን ነው። አዲስ አበባ ላይ የምናውቃት ቪትዝ እንኳ ባዶዋን አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች፤ ጉልበቷ ደግሞ መቶ ፈረስ አይሞላም።

ባትሪ የለም። ሞቶሪኖ የለም። ፍሪሲዮንም ካምቢዮም የለም። ይህ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰባት መኪና የምትነሳው በግፊ ነው። ፒካፕ ከኋላ መጥቶ ይገፋታል፣ ሹፌሩ የዘይት ግፊቱ መውጣቱን አይቶ ማብሪያውን ይከፍታል፣ ያኔ ሞተሩ ያገሳል። መሃል መንገድ ላይ ዞራ ሞተሯ ከጠፋም ፒካፑ እንደገና ይመጣል። ነዳጇ ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል ነው። የቀኝ የኋላ ጎማ ከግራው ይበልጣል፤ ውድድሩ ወደ ግራ ብቻ የሚዞር ስለሆነ መኪናዋ ራሷ ወደ ግራ እንድትስብ ነው።

አካባቢው ላይ ሦስት ትራኮች ዋናዎቹ ናቸው። ዊሊያምስ ግሮቭ ሜካኒክስበርግ አጠገብ በ1939 ተከፈተ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዙሪያው ግማሽ ማይል፣ 800 ሜትር ገደማ ነው። ፈጣን መኪና ይህን በ16 ሰከንድ አካባቢ ትጨርሰዋለች፤ አማካይ ፍጥነቱ ሲሰላ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አፈር ላይ፣ በጎን እየተንሸራተቱ ማለት ነው። ሊንከን አቦትስታውን ጋ ነው፤ በ1953 የተከፈተ፣ ከግሮቭ አጠር ያለ ትራክ ነው። ፖርት ሮያል ከሁለቱም ያረጀ ነው፤ ከ1938 ጀምሮ የጁኒያታ ካውንቲ የእርሻ ትርኢት ሜዳ ላይ ይገኛል፤ ባለቤቱም የካውንቲው የግብርና ማኅበር ነው። ሴሊንስግሮቭና ሌሎችም አሉ፣ ግን የሳምንቱ ኑሮ የሚዞረው በእነዚህ ሦስቱ ነው።

ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና መሄድ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ሁሉ ነገር ከዚህ ይጀምራል። አንድ ቡድን አርብና ቅዳሜ ሁለት ውድድር ተወዳድሮ፣ በሁለቱም ሌሊት ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ሰኞ ሥራ ይገባል። 410 ሞተር ይዞ በየሳምንቱ እንዲህ መወዳደር የሚቻልበት አካባቢ አሜሪካ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ኦሃዮ አለ፣ በአይዋ ኖክስቪል አለ። እንደ ፔንሲልቬንያ ግን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ምርጫ የሚበዛበት የለም ብል ብዙ ሰው የሚከራከረኝ አይመስለኝም።

የአካባቢው ሹፌሮች ቡድን ሆነው የሚታወቁበት ስምም አለ። በ1978 ቴድ ጆንሰን የሚባል ሰው አገር ላገር እየዞረ የሚወዳደር ማኅበር አቋቋመ፤ ወርልድ ኦፍ አውትሎውስ አለው። ስቲቭ ኪንሰር 20 ጊዜ፣ ዶኒ ሻትዝ 10 ጊዜ ዋንጫውን ወስደዋል። እነዚህ ዘዋሪዎች «ሽፍቶች» ከተባሉ ደጃቸውን የሚጠብቁት የፔንሲልቬንያ ሹፌሮች ደግሞ ፖሲ ተባሉ፤ ሽፍታ አሳዳጅ መሆናቸው ነው። ዘዋሪዎቹ ግሮቭ ሲመጡ ሕዝቡ የሚጮኸው ለአገሬው ልጅ ነው። የአገሬው ልጅም ብዙ ጊዜ አያሳፍርም። ላንስ ዴዊዝ ዊሊያምስ ግሮቭ ላይ ብቻ ከ100 በላይ ውድድር አሸንፏል። ከዚህ አፈር ላይ ነቅሎ እሱን ማሸነፍ ለብዙ ባለዋንጫ ፈተና ነበር።

አሁን ወደ ብርዱ ወራት እንግባ።

የመጨረሻው ውድድር እንዳለቀ መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ማጠብ ነው። መኪናዋን ብቻ ሳይሆን የነዳጅ መስመሩንም ጭምር። ሜታኖል ክፉ ነው፤ አሉሚኒየም ይበላል፣ ውኃ ከአየር ይስባል። ሳይታጠብ ከተቀመጠ ፓምፑና ኖዝሎቹ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ በሌላ ፈሳሽ አጥበው፣ ዘይት አስነክተው ነው የሚያስቀምጡት። ከዚያ መኪናዋ እስከ አጥንቷ ትፈታለች። ሞተር ይወርዳል፣ ክንፍ ይነሳል፣ የኋላ አክስል ይወጣል። ባዶው ሻሲ ብቻ ጋራዡ መሃል ይቀራል።

ከዚያ በባትሪ መብራት ብየዳ ብየዳውን መፈተሽ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጉድጓድ የመታ፣ ከግድግዳ የተላተመ ቱቦ የሚሰነጠቀው ብየዳው አጠገብ ነው። ስንጥቁ ፀጉር ቢያህልም ዝም አይባልም። የተጠረጠረ ቱቦ ተቆርጦ ይቀየራል፤ የከፋ ከሆነ ሻሲው እንዳለ ይጣላል። እንደ ስፕሪንግ የሚያገለግሉት ቶርሽን ባሮች አንድ በአንድ ይለካሉ፤ ተጠማዞ የቀረ ካለ መኪናዋ በአንድ ጎን ትዘምምና ሹፌሩ ለምን እንደማትታዘዘው ሳያውቅ ወቅቱን ያባክናል። ቡሎኖች በአዲስ ይተካሉ። የደህንነት ቀበቶው ላይ የተመረተበት ጊዜ ተጽፏል፤ 2 ዓመት ካለፈው፣ አዲስ ቢመስልም ቦታው ቆሻሻ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ቀን ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ሌላው የጭነት መኪና ይነዳል፣ ሦስተኛው የባለቤቱ አማች ነው። ክፍያቸው ፒዛና ወሬ ነው።

ሞተሩ ግን ለአማች አይሰጥም። ወደ ሞተር ባለሙያ ይላካል፣ ወረፋ ይይዛል። አዲስ 410 ሞተር 60 እና 70 ሺህ ዶላር ይጠራል። ያለውን ማሳደስ ራሱ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ በወቅቱ መሃልም በየጊዜው መከፈት አለበት። በተራ የሳምንት ምሽት አንደኛ የወጣ ደግሞ የሚያገኘው ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። ሒሳቡን አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ያሰላ ሰው በጤናው ይህን ሥራ አይገባበትም። የሚገቡበት አልጠፉም፤ ክንፉ ጎን ላይ ስሙን የሚያስጽፍ የጣሪያ ሠራተኛ፣ የኮንክሪት ድርጅት፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ፈልገው ነው። ይህ ፍለጋም የብርዱ ወራት ሥራ ነው። ዲሴምበር ላይ እሺ ያላለ ስፖንሰር ማርች ላይ እሺ አይልም።

ከጋራዥ ውጭ ያለው ወሬ በዋናነት የዝውውር ነው። እዚህ ባለመኪናውና ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ባለመኪናው ሹፌር ያሰናብታል፣ ሹፌሩ የተሻለ ሞተር ያለው ባለመኪና ይፈልጋል። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሦስቱ ይንቀሳቀሳሉ። ከስሙ በላይ የመኪናው ቁጥር የሚታወቅበት አካባቢ ስለሆነ፣ ደጋፊው አዲስ ሹፌር የሚወደውን ቁጥር ሲነዳ ለማየት ጊዜ ይፈልጋል።

ከሁሉም ዝውውር የሚከብደው ግን ቤት መቅረት ወይም መውጣት የሚለው ውሳኔ ነው። ሎጋን ሹካርት የሃኖቨር ልጅ ነው። አያቱ ቦቢ አለን በ1990 ትልቁን የስፕሪንት ውድድር፣ የኖክስቪል ናሽናልስን አሸንፎ ነበር። ሎጋን በአያቱ ቡድን ከአውትሎውስ ጋር አገር ለአገር ዞረ፤ በ2023 ኦሃዮ ውስጥ ኤልዶራ የሚባል ትራክ ላይ አንድ ሚሊዮን 2 ሺህ 23 ዶላር አሸነፈ። የማየርስታውኑ ብሬንት ማርክስም በ2022 እዚያው ኤልዶራ ላይ ኪንግስ ሮያልን ወስዶ 175 ሺህ ዶላር ይዞ ተመልሷል። በተቃራኒው ደግሞ ግሬግ ሆድኔት አለ። ከቴነሲ የመጣ፣ ከዘዋሪዎቹ ጋር ሲዞር የነበረ ሰው ነው፤ በመጨረሻ ፔንሲልቬንያ ላይ ጎጆውን ቀለሰና የፖሲ አባል ሆነ። ሁለቱም መንገድ ሰው አለው። በየብርዱ ወራት ጋራዥ ውስጥ የሚነሳው ክርክርም ይኸው ነው።

ክርክሩ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጠንክሯል። ምክንያቱ ሃይ ሊሚት የሚባለው አዲሱ ማኅበር ነው። የመሠረቱት ሹፌሮቹ ካይል ላርሰንና ብራድ ስዊት ናቸው። ስዊት ከ2019 እስከ 2023 አምስት ተከታታይ የአውትሎውስ ዋንጫ የወሰደ፣ የላርሰን ሚስት ወንድም ነው። በ2023 መጨረሻ ላይ ከቶኒ ስቱዋርት ኦል ስታር የሚባለውን ማኅበር ገዝተው ጠቀለሉትና በ2024 አገር አቀፍ ሆኑ። አውትሎውስ ብቻውን የነበረበት ሜዳ ላይ ሁለት ሆኑ። ለሹፌሮች ጥሩ ነው፤ የሽልማት ገንዘብ ጨምሯል። ለአካባቢው ትራክ ግን ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ትልልቅ ምሽቶች በዝተዋል፣ ትኬትም ይሸጣሉ። በሌላ በኩል ደህና ሹፌሮች ወደ ጉዞ ሲሄዱ የተራው አርብ ሰልፍ ይሳሳል። ኦል ስታር ለከፊል ተጓዥ ቡድኖች መካከለኛ ደረጃ ነበር፤ እሱም የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ገንዘቡ ሲጨምር የተጎዳው መካከለኛው ቡድን ነው፦ ለመዞር አቅም የሌለው፣ ቤት ቀርቶ ግን በእንግዶች የሚበለጠው።

ስለዚህ የፕሮግራም መውጫ ቀን እንደ በዓል ነው የሚጠበቀው። እያንዳንዱ ትራክ በየፊናው የሚተዳደር ነውና ቀን ሲቆርጥ ጎረቤቱን እያየ ነው። ዘዋሪዎቹ መቼ ይመጣሉ? በጁን መጨረሻና በጁላይ መጀመሪያ በየምሽቱ ትራክ እየቀያየረ የሚካሄደው ስፒድዊክ የት የት ያርፋል? በመከር መግቢያ የሚደረገው፣ ከ1963 ጀምሮ ያለው የዊሊያምስ ግሮቭ ናሽናል ኦፕን ሽልማቱ ስንት ሆነ? ደጋፊው ፕሮግራሙን አትሞ ፍሪጅ ላይ ይለጥፋል፤ የእህቱን ሠርግ ቀን ከዚያ ጋር የሚያስተያይም አለ።

መጠበቅ ያቃተው የሚሄድበት አያጣም። ጃንዋሪ ላይ ኦክላሆማ ቱልሳ ውስጥ ቺሊ ቦውል አለ፤ ከ1987 ጀምሮ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አፈር ደልድለው ሚድጄት የሚባሉትን ትንንሽ መኪኖች ያወዳድራሉ። ፌብሩዋሪ ላይ ፍሎሪዳ፣ ቮሉሲያ ላይ የስፕሪንቱ ወቅት ይከፈታል። አቅም ያላቸው ሹፌሮች አውስትራሊያ ይሄዳሉ፤ እዚያ ያኔ በጋ ነው። ቤት ለቀረው ሃሪስበርግ ላይ ሞቶራማ የሚባል የሞተር ስፖርት ትርኢት አለ፣ አዳራሽ ውስጥ ሙቀት ላይ። ዮርክ ስፕሪንግስ ያለው የምሥራቅ አሜሪካ የመኪና ውድድር ሙዚየምም አለ፤ የድሮዎቹን መኪኖች ከቅርብ ማየት ለሚወድ ሰው ከሞቶራማው እሱ ይሻላል።

በእነዚህ ወራት የሚፈራ ዜናም አለ። ትራክ ተሸጠ የሚል ወሬ የሚወጣው ያኔ ነው። ሬዲንግ የነበረው ታዋቂ ትራክ በ1979 ተዘግቶ ቦታው የገበያ ማዕከል ሆነ። ሜካኒክስበርግ ውስጥም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ትራክ ነበር (ሜሪላንድ ካለው፣ ሐበሻ ከሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ ጋር ስም እንጂ ሌላ አይገናኙም)፤ በ2005 እሱም ተዘግቶ ሱቅ ተሠራበት። ፍሎሪዳ ታምፓ አጠገብ የነበረው ኢስት ቤይ በ2024 የመጨረሻውን አደረገ፤ መሬቱን የማዳበሪያ ማዕድን ኩባንያ ገዝቶታል። መሬት ሲወደድ ደግሞ በሳምንት አንድ ማታ የሚሠራ ሜዳ ማቆየት ልብ ይጠይቃል። አደጋውም አለ። ከላይ ያነሳሁት ግሬግ ሆድኔት በሴፕቴምበር 2018 እዚሁ ፔንሲልቬንያ ባፕስ ትራክ ላይ በውድድር አደጋ ሕይወቱ አልፏል። ስለ መቀመጫ፣ ስለ ቀበቶና ስለ አንገት መከላከያ በብርዱ ወራት የሚወራው ለዚህ ነው።

አዲሱን ዓመት የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ሊንከን ነው፤ በፌብሩዋሪ መጨረሻ። ቀኑ ተቆርጦ ይወጣል፣ ግን ማንም ሙሉ በሙሉ አያምነውም። ሸክላው አፈር ውርጭ ሲይዘው ያብጣል፤ ሲቀልጥ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር ይረግዳል። በላዩ መኪና ቢለቀቅበት ቦዩን ለማስተካከል ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ፀሐይ ወጥታ እንኳ ሊሰረዝ ይችላል። ከተካሄደም ከሰዓት በኋላ በቀን ብርሃን ነው፣ ማታው አይቻልምና።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ፣ ሊንከንም ሆነ ግሮቭ ሁለት ሰዓት አካባቢ ቢነዳ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የትራኩን ገጽ እዩ፤ መሰረዙ የሚነገረው ጠዋት ነው። ልጅ ከያዛችሁ የጆሮ መከላከያ የግድ ነው፣ ለራሳችሁም ያዙ። ነጭ ልብስ ተዉት። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው የቡድኖቹ ስፍራ መግባት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ሹፌሮቹ እዚያው መኪናቸውን እየፈቱ ከሰው ጋር ያወራሉ፣ ሞተሩን ጠጋ ብሎ ማየትም አይከለከልም።