የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቧንቧን ለአዲስ አበባ ያመጣው ጣሊያን ነው።»
አይደለም። በ1880ዎቹ አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ የሚወርድ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥታቸው አስገብተዋል፤ ሥራውን የመራው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ድሬ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተከተሉ።

«ክረምት ግድቦቹ ሞልተው ሳለ ፈረቃ ሊኖር አይገባም።»
ከተማዋ የምትጠጣው የግድብ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ድርሻ ያለው የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ነው። መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕ ይቆማል። ግድብ ቢሞላም ማጣሪያው በቀን ከአቅሙ በላይ አያጣራም።

«ክሎሪን የሸተተ ውሃ ተበላሽቷል።»
ይህ አመለካከት ብዙ ሰው ጎድቷል ብዬ አምናለሁ፤ ሽታውን ሸሽቶ ምንጭ የሚቀዳ አለና። ክረምት ለገዳዲ የሚገባው ጎርፍ የያዘው ጭቃ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በራሱ ቶሎ አይዘቅጥም። አሉሚኒየም ሰልፌት ሲጨመርበት ደቃቁ አፈር ተያይዞ ይከብዳል፣ ይዘቅጣል፤ የቀረው በአሸዋ ይጣራል። ዓይን የማያየውን ጀርም የሚገድለው ግን ክሎሪን ነው። ጥቂቱ ሆን ተብሎ ውሃው ውስጥ የሚተወው መንገድ ላይ እንዲጠብቀው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር እስከ 5 ሚሊግራም ይፈቅዳል፤ አብዛኛው ሰው ግን ከዚያ በጣም ባነሰ መጠንም ይሸተዋል።

«ነጭ ሆኖ የሚወርደው ክሎሪን በዝቶበት ነው።»
ብዙውን ጊዜ አየር ነው። ብርጭቆ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ከጠራ ምንም የለበትም።

«ካፈላሁት ሁሉም ነገር ይወገዳል።»
ጀርሙ ይሞታል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ግን በማፍላት አይወጣም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል።

«ከማጣሪያው ንጹሕ ከወጣ ቤቴም ንጹሕ ነው።»
እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ውሃው በፈረቃ ሲቋረጥ የቧንቧው ግፊት ይወድቃል፤ የተሰነጠቀ መስመር በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ከቆይታ በኋላ መጀመሪያ የመጣውን ለሽንት ቤትና ለወለል አውሉት፤ ለመጠጥ አትቅዱት። በሮቶና በጀሪካን የከረመ ውሃ ክሎሪኑ እያለቀ ይሄዳል፤ ሮቶው በየጊዜው ይታጠብ፣ ይከደን። ከባልዲ በኩባያ ከመጥለቅም ይልቅ በቧንቧ ወይም በማዘንበል መቅዳት ይሻላል፤ እጅ የነካው ውሃ ለሕፃናት ተቅማጥ በር ይከፍታልና።