በአብራሪው ሬዲዮ የሚበራ የመንደርደሪያ መብራት

የመቆጣጠሪያ ማማ በሌለው፣ ሌሊት ሰው በማያድርበት ሩቅ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ አብራሪው አብሪም ነው። መሬት ላይ ያለው መቀበያ ንግግር አይሰማም። የማይኩ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተጫነ ብቻ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላ ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) መስመሩን ያገናኛል፣ መብራቱ ይበራል፣ ታይመሩም መሮጥ ይጀምራል።

አጫጫኑ እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ በ5 ሰከንድ ውስጥ 7 ጊዜ ጠቅ ማድረግ ከፍተኛውን ብርሃን፣ 5 ጊዜ መካከለኛውን፣ 3 ጊዜ ዝቅተኛውን ይሰጣል። መብራቱ 15 ደቂቃ ይቆያል። መጀመሪያ 7 ጊዜ መጫን ይመከራል፤ ሁሉም ከበራ በኋላ ብርሃኑ ካንጸባረቀ መቀነስ ይቻላል። በካናዳ "ጄ" የሚባለው ዓይነት 5 ጠቅታ ይበቃዋል፣ "ኬ" የሚባለው ግን በ7 ተጀምሮ ብርሃኑ ይስተካከላል። የተለመደው የአውስትራሊያ አሠራር ከሁለቱም ይርቃል፦ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 ሰከንድ የሚቆዩ 3 ረጃጅም የቁልፍ መጫኖች፣ ሁሉም በ25 ሰከንድ ውስጥ። እዚያ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ያደረገ አብራሪ ጨለማውን እያየ ይቀራል። መብራቱ ሊጠፋ 10 ደቂቃ ሲቀረው የነፋስ አመልካቹ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ያስጠነቅቃል። ይህ ማስጠንቀቂያ በሌለበት ማረፊያ፣ መብራቱ በርቶ ቢገኝም ወደ ማረፊያው ሲቃረቡ እንደገና መጫን ግድ ነው። ሌላ አብራሪ ከ14 ደቂቃ በፊት አብርቶት ሊሆን ይችላልና፣ ቁልፉን እንደገና መጫን ታይመሩን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

አምፖሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ረጅም ተከታታይ ኬብል ላይ ናቸው። የከረንት መቆጣጠሪያው ቮልቴጁን እያስተካከለ ከረንቱን በልኩ ይይዛል፤ ባለ 3 ደረጃ ከሆነ 4.8፣ 5.5 እና 6.6 አምፔር ይሰጣል። እያንዳንዱ መብራት የራሱ መለያ ትራንስፎርመር ስላለው አንድ አምፖል ቢቃጠል ሌሎቹ አይጠፉም። ዋናው ኬብል ከተቆረጠ ግን መንደርደሪያው ሙሉ በሙሉ ይጨልማል፤ መቆጣጠሪያውም ከረንቱን ለመመለስ ቮልቴጁን ወደ ሺዎች ቮልት ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ኬብሉን ከመንካት በፊት የብርሃን ደረጃ መራጩን "ዝጋ" ላይ ማድረግ አይበቃም። ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ በቁልፍ መቆለፍ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ አብራሪ ከሩቅ ሆኖ ሠራተኛው እጅ ላይ ያለውን መስመር ሊያበራው ይችላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኖታም (ለአብራሪዎች የሚወጣ ማስታወቂያ) ይወጣል።

የብልሽቱ ዋና ምንጭ መቀበያው ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንቴናው ጋ ያለው ማገናኛ ነው። ውሃ የገባበት ማገናኛ ሲፈታ መሃሉ ላይ ያለው መርፌ አረንጓዴ፣ ዙሪያውን ያለው የሽቦ ጥልፍ ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ማጽዳት ዋጋ የለውም፤ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ኬብሉን ቆርጦ አዲስ ማገናኛ መግጠም ነው። ውሃ መከላከያው ቴፕ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ እንደ ሣር ክዳን ይጠቀለላል፤ ኬብሉም መቀበያው ወዳለበት ቤት ከመግባቱ በፊት ውሃው የሚንጠባጠብበት ዝቅ ያለ ቀለበት ይሠራለታል።

ሁለተኛው ችግር የመብራቶቹ ኬብል ሽፋን ነው። አንድ ቦታ ላይ ከመሬት ጋር ቢነካካ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ሁለተኛ ቦታ ሲጨመር በመካከላቸው ያሉት መብራቶች ይደበዝዛሉ ወይም ይጠፋሉ። በየወሩ መስመሩን ከመቆጣጠሪያው ለይቶ ሽፋኑን በሜገር (የሽፋን መቋቋሚያ መለኪያ) መለካትና መመዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቁጥሩ በዝናብ ጊዜ መውረዱ የተለመደ ነው፤ ደርቆም ካልተመለሰ ግን ውሃ የገባበትን ማገናኛ መፈለግ ነው።

ማታ ማታ ጨርሶ አልበራ ካለ ፎቶሴሉን (ብርሃን የሚለየውን መሣሪያ) ማየት ይበጃል። ቀን እንዳይበራ የሚከለክለው እሱ ነው፤ የአውሮፕላን መጠለያው መብራት ቢያርፍበት ሌሊቱን ቀን አድርጎ ይወስደዋል። መቀበያው ደካማ ምልክት እንዲሰማ ከመጠን በላይ ከተከፈተ ደግሞ የጄነሬተር ጩኸት ራሱ ያበራዋል፤ በጣም ከጠበቀ አውሮፕላኑ አጠገቡ እስኪደርስ አይሰማም።

ሙከራው በእጅ ሬዲዮ፣ ከአንቴናው ርቆ፣ ቢያንስ ከመንደርደሪያው ሌላኛው ጫፍ ይደረጋል፤ ቅርብ ከሆነ የተበላሸ አንቴናም ይሰማል። ፍሪኩዌንሲው የጋራ ስለሆነ ሙከራ መሆኑ መጀመሪያ በሬዲዮ ይነገራል። ፎቶሴሉ በጥቁር ቴፕ ይሸፈናል፣ 7፣ 5 እና 3 ጠቅታ በየተራ ይሞከራል፣ ታይመሩም በሰዓት ይለካል። 12 ደቂቃ ላይ ካጠፋ ታይመሩ ይቀየራል። ዋናው ኃይል ተቋርጦ ጄነሬተሩ ወይም ባትሪው መብራቱን መሸከሙም በዚያው ይታያል፤ የተሸፈነው ፎቶሴል መጨረሻ ላይ ሳይገለጥ እንዳይቀር።