ቲቢ ተገኘ ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የአንገት ንፍፊት፦ ቲቢም የንፍፊት ካንሰርም (ሊምፎማ) እነዚህኑ ምልክቶች ያሳያሉ። በሰሜን ሸዋ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ዘንድ የሚዘወተሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችን እንመልከት።

«ቲቢ ከተገኘ ካንሰር አይኖርም»
ሁለቱ በአንድ ሳንባ፣ አንዳንዴም በአንድ ንፍፊት ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ካንሰሩና ኬሞቴራፒው የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክሙ ተኝቶ የቆየ ቲቢ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ የቲቢ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ 2 ወር ወስዶ ክብደቱ ያልጨመረ ወይም ደም የቀላቀለ ሳሉ ያልቆመ ሰው «ታገስ» ተብሎ አይሸኝ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢም ካንሰርም ይፈለግበት።

«ቢላ ወይም መርፌ የነካው እባጭ ይዛመታል»
ብዙ ሰው የሚያስረፍደው ይህ ፍርሃት ነው። በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ለቲቢ ጥሩ ነው፤ ለሊምፎማ ግን ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ ንፍፊቱ በሙሉ ወጥቶ መታየት አለበት። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ስህተት ናሙናውን ሁሉ ፎርማሊን (የናሙና ማቆያ ኬሚካል) ውስጥ መክተት ነው። ፎርማሊን ለካንሰር ምርመራ ግድ ቢሆንም የቲቢውን ባክቴሪያ ስለሚገድል ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) አይሠራበትም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ከፊሉ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ) እና ለካልቸር ይቀመጥልን» በሉ። አጣዳፊ ካልሆነ በቀር ከናሙናው በፊት ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት አይጀመር፤ ሊምፎማውን ለጊዜው አክስሞ ይደብቀዋል፣ ቲቢውን ደግሞ ያባብሳል።

«የ6 ወሩ የቲቢ ሕክምና ይለቅ፣ ኬሞው ይደርሳል»
ካንሰር 6 ወር አይጠብቅም። ብዙውን ጊዜ የቲቢው መድኃኒት ቀድሞ ይጀመርና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኬሞው ይከተላል፤ አጣዳፊው ካንሰር ወዲያው አብሮ ይታከማል። ጥንቃቄ የሚሻው የመድኃኒቶቹ መጋጨት ነው። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ ታሞክሲፈንንና ኢማቲኒብን የተባሉትን የካንሰር መድኃኒቶች ጉበት ቶሎ እንዲያስወግዳቸው ስለሚያደርግ አቅማቸው ይቀንሳል። የቲቢው አይሶናያዚድም የካንሰሩ ቪንክሪስቲንም ነርቭ ይጎዳሉ፤ ቫይታሚን ቢ6 መሰጠቱን አረጋግጡ። ከደብረ ብርሃን ወደ ጥቁር አንበሳ የተላከ ታካሚ የቲቢ ካርዱንና የሚውጣቸውን ክኒኖች ይዞ ይሂድ። ብርቱካናማ ሽንት የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፣ አያስደንግጥ፤ ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

«ጠበል ከተጀመረ ክኒን ይቁም»
ጻድቃኔ ማርያም የሚሰነብት ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ጠበሉ የሚያስመልሰው ከሆነ ክኒኑን ከጠበሉ ሰዓት አርቆ ይዋጥ፤ ከዋጠ በኋላ ወዲያው ካስመለሰው ለጤና ባለሙያ ይንገር።

«ሁለቱም ያለበት ሰው ይለይ»
ካንሰር አይተላለፍም፣ የንፍፊት ቲቢ ብቻም እንዲሁ። የሳንባ ቲቢ ያለበት ግን ሐኪም እስኪፈቅድ ማስክ ያድርግ፤ ቤቱም መስኮቱ ተከፍቶ አየር ይግባበት።