የማዕድ ቤት እሳት አደጋና መከላከያው

በከተማ ማዕድ ቤት ቡታጋዙ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው፣ ምጣዱና የቡናው ከሰል በአንድ ጠባብ ክፍል ይገናኛሉ። የሁሉም አደጋ ለየቅል ነው።

ዋናው አስቸጋሪ ተጥዶ የተረሳ ዘይት ነው። ሳምቡሳ ሊጠበስ ዘይት ይጣዳል፣ ስልክ ይጠራል፣ በቃ። የምግብ ዘይት እንደ ዓይነቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መጨስ ይጀምራል። ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል ነበልባል ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። በጭሱ ጊዜ ምድጃውን ማጥፋት ይበቃል። ከተቀጣጠለ ግን ውሃ እንዳይነካው! ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ እዚያ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ይዞት ይወጣል። የሚሻለው የብረት ክዳን ከጎን አንሸራትቶ መግጠም፣ ምድጃውን ማጥፋት፣ እስኪቀዘቅዝም አለመክፈት ነው። ድስቱን ይዞ ወደ ውጭ መሮጥ ዘይቱን ራስ ላይ መድፋት ነው።

የምጣዱ ሽቦ ግን የሚገባውን ያህል አይወራለትም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። ለ10 አምፔር የተሠራ ማከፋፈያ ይህን አይችልም። መጀመሪያ ሶኬቱ ይግላል፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ምጣድ ወፍራም ሽቦ ያለው የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር በትልቅ የሚያስቀይሩ አሉ፤ ጠባቂውን ማባረር ማለት ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ምድጃውንና ምጣዱን መንቀል ይገባል። አለዚያ መብራቱ ሲመጣ ባለቤቱ ገበያ ሊሆን ይችላል።

የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። በራሱ ሽታ የለውም፤ ሲያፈስ እንዲታወቅ ሽታ ይጨመርበታል። ሲሊንደር ሲቀየር መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባል። አረፋ ከሠራ ያፈስሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አለ፣ ጉድ ነው! ጋዝ ከሸተተ ቫልቩን ዘግቶ በርና መስኮት መክፈት ያሻል። መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይቻልም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ትንሽ ብልጭታ ይፈጥራል።

የላምባ ምድጃ ጠፍቶ ሳይቀዘቅዝ አይሞላም። ከሰል ዘንድ ሲጎነበሱ ነጠላን መሰብሰብ ነው፤ ቀጭን ጥጥ ቶሎ ይያያዛል።

እሳቱ ከድስቱ ካለፈ ሰውን አስወጥቶ በሩን መዝጋት ይቀድማል። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ጥሪ 939 ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎኩን ቁጥርም መናገር መኪናው ግቢ ውስጥ እንዳይዞር ይረዳል።